የአባባ ቮልስ በሰሜን ሸዋ ደጋ፦ ከወራት በኋላ

ቮልሷ ከጓሮው ቆርቆሮ ቤት ወጥታ፣ ሞተሯ ወርዶ ተሠርቶ፣ እንደገና መንገድ ከጀመረች ክረምቱም ውርጩም አልፎባታል። አሁን ስለ እሷ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባሴ አካባቢ ባቆምኳት ቁጥር ጠያቂ አይጠፋም። «ይቺ ነገር እውነት የጣርማ በርን ዳገት ትወጣለች?» ትወጣለች። እንዴት እንደምትወጣ ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ቮልስዋገን 1200 ናት። አባባ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው የገዟት። ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። ጉልበቷ 34 ፈረስ ብቻ ነው፣ ኤሌክትሪኳም 6 ቮልት። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ ከዛሬዎቹ መኪኖች ጋር አትወዳደርም። እኔ ግን ለደጋ መንገዳችን ጥሩ መኪና ናት እላለሁ፤ ሰዓቱን አስልቶ ከቤቱ ለሚወጣ ሰው። ለሚጣደፍ ሰው አልመክራትም።

ይህን አነዳድ የተማርኩት ከቤት ነው። አባባና እማዬ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እሁድ እሁድ ከሚሰበሰቡ መኪና ወዳጆች ጋር ነበሩ። አስተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የጋራዥ ባለሙያ አለ፣ ጥቂት ፈረንጆችም ነበሩበት። የገንዘብ ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ቤንዚን እየተዋጣ፣ ምሳ እየተቋጠረ ነበር የሚወጣው። ጨዋታውም ማን ቀደመ አይደለም። ከዚህ እስከዚያ በዚህ አማካይ ፍጥነት ሂዱ ይባላል፤ በተባለው ደቂቃ መድረስ ነው። የዘገየ ይቀጣል። የቀደመም ይቀጣል።

ሰዓት ያዧ እማዬ ነበረች። ቆጣሪ ሰዓቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጋቢና ትቀመጣለች። የቮልሷ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እንደ ዛሬዎቹ ለአንድ ጉዞ ብቻ ወደ ዜሮ አይመለስም። ስለዚህ እማዬ የመንገድ ዳር ድንጋዮችን ትጠቀም ነበር። አማካዩ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ከተባለ፣ ከአንዱ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከሚቀጥለው 75 ሰከንድ ነው። «ሰባ!» ካለች ቀድመናል፤ አባባ እግራቸውን ከቤንዚኑ ላይ ያነሳሉ። «ሰማንያ!» ካለች ዘግይተናል። ክርክር የለም። አባባ በቤት ውስጥ የማይታዘዙ ሰው ነበሩ፤ መኪና ውስጥ ግን የእማዬ ቃል ሕግ ነበር።

የእኔ ቦታ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው የዕቃ ጉድጓድ ነበረች። ቮልስ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ያቺን ጉድጓድ ያውቃታል። ሞተሩ ከጀርባችሁ ነው፣ ሙቀቱ በላሜራው አልፎ ይመጣል። የዚህን ሞተር ድምፅ የለመድኩት እዚያ ተኝቼ ነው። ቫልቩ፣ ማለትም የሞተሩ የአየርና የጭስ ክዳን፣ ሲላላ የሚያሰማትን ቀጭን ቲክ ቲክ ዛሬም ከመሪው ጀርባ ሆኜ እለያታለሁ።

ለነገሩ ቮልስ ለውድድር መሆኗ የሚገርማቸው አሉ። የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው የተጀመረው። በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ቮልስ ናት። አሜሪካ ደግሞ በ1944 የተመሠረተው የስፖርት መኪና ክለብ መጀመሪያ ላይ የአማተሮች ነበር፤ ለገንዘብ መወዳደርን አይፈቅድም። ያ ክለብ በ1963 ፎርሙላ ቪ የተባለውን የውድድር ዓይነት ተቀበለ። የፎርሙላ ቪ መኪና ሞተሩም፣ የማርሽ ሳጥኑም፣ የፊት እግሩም የቮልስ ነው። የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደመወዝተኛ ገዝቷት፣ ራሱ ፈቶ፣ ራሱ ይገጥማታል። የእኛም ሰዎች የወደዷት በዚሁ ነው። በኋላ አብዮቱ መጣ፣ ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ ማኅበሩም ተበተነ። መኪናዋ ግን ቀረችልን።

አሁን ወደ አጠቃቀሟ ልግባ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የእኔዋ 34 ፈረስ እዚህ 25 ገደማ ናት ማለት ነው። ከዚያ የባሰው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡራተሩ ጉዳይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል። መጀመሪያ ሰሞን እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎቹ እየጠቆሩ፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ እየተፋች አስቸገረችኝ። መካኒኩ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር ቀየረልኝ። ካንዴላው ወደ ቡናማ ተመለሰ፣ ጭሱም ጠፋ። አሁን በሊትር 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ግን ትልቁን ቀዳዳ መልሼ አስገባለሁ። ቆላው ላይ በትንሹ ከሄደች ቤንዚን ያንሳታል፣ ሞተሩ ይግላል። ሥራው ቀላል ነው፤ ከካርቡራተሩ ጎን በአንድ ቡሎን ነው የሚወጣው።

ጣርማ በርን ስትወጣ አትቸኩልም። ከባድ መኪና ፊቴ ካለ ከኋላው እከተላለሁ፤ ለመቅደም የሚያበቃ ትርፍ ጉልበት የላትም። ወደ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። አራቱም ፍሬኖቿ የከበሮ ናቸው፤ እግር ሲበዛባቸው ይግሉና መያዝ ያቆማሉ። የአባባ መመሪያ አንድ ነው፦ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አደርጋለሁ። ከታች ስደርስ ጎማዎቹን በእጄ እዳስሳለሁ። አንዱ ከሌላው በልጦ ከጋለ የዚያ ጎማ ፍሬን መስተካከል አለበት ማለት ነው።

ከሸኖ እስከ ጫጫ ያለው ሜዳ ላይ ነፋሱ ይገፋታል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው። በሁለት እጅ መሪ መያዝ ግድ ነው።

ማሞቂያዋን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት እዚህ ምን እንደሚመስል የደብረ ብርሃን ሰው ያውቃል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ቮልሷ የሞተሩን ሙቀት በበሮቹ ሥር ባለው ቱቦ ወደ ውስጥ ታመጣለች። ትንሽ ከሄደች በኋላ እግር ይሞቃል። እማዬ ጉልበቷ ላይ የመንዝ ባና ጣል አድርጋ ስትቀመጥ ሌላ አያስፈልጋትም። አንድ ነገር ግን እወቁ። የጭስ ወይም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ከገባ ማሞቂያውን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሳታሠሩ አትንዱ። የጭስ ማውጫ ጋዝ ሰው ይገድላል።

6 ቮልቱን አልወደድኩትም። መብራቱ ደካማ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለውን አያሳይም። አባባ «እንዳለች ትቆይ» ስላሉ አልቀየርኩትም፣ በማታ ግን አልነዳትም። ማታ የሚነዳ ሰው ወደ 12 ይቀይር እላለሁ። ፋብሪካው ራሱ በኋላ ቀይሮታል።

ቅሬታዬ መለዋወጫ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የማይገኝ የለም፤ ጥራቱ ግን አንድ አይደለም። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አዲስ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ጫጫን ሳንደርስ ተበጠሰ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። በሌላ መኪና ይህ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አለመሞላቱን ነው የሚናገረው። በቮልስ ግን ያው ቺንጋ ነው ማቀዝቀዣውንም የሚያዞረው። ወዲያው ማቆም አለባችሁ፤ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ቺንጋው የሚዞርበት የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት የሚከፈል ነው። በመሃሉ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። ፑሌጃው እንዳይዞር በስክሩድራይቨር ይዤ ዳዶውን ፈታሁት፤ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ሥር ያስቀመጥኩትን አሮጌ ቺንጋ አስገባሁ። ሮንዴላ ከመሃል ሲቀነስ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። በአውራ ጣት ስትጫኑት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል መግባት አለበት። እማዬ ከጋቢና አልወረደችም። «ሰዓቱን ይዤልሃለሁ፣ አትቸኩል» አለችኝ።

ድንጋዮቹ ዛሬ ብዙዎቹ የሉም። ልጄ በስልኳ ርቀቱን እያየች፣ አያቷ ሰዓቱን እየያዘች፣ 75 ሰከንዱን አብረው ይቆጥራሉ። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ አይነዱም፤ ከኋላ ተቀምጠው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ቫልቩ ማስተካከያ ሲደርስ ከእኔ ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ይህ ለእኔ ከምንም በላይ ነው። መኪናዋን ያሠራሁበት ገንዘብ ሁሉ ለዚህ ቢሆን አይቆጨኝም።

እንክብካቤዋ ቀላል ነው፣ ግን ቀን አይረሳም። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እቀይራለሁ፣ ወንፊቱን አጥባለሁ፣ በዚያው ቫልቩን አሳያለሁ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳያድር ቫልቭ አታስነኩ።

ለመግዛት ያሰበ ካለ ቀለሙን ትቶ ሥሯን ይይ። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲድ የፈሰሰበት ወለል ይበሳል። ወንበሩን አንሡና ላሜራውን በጣት ግፉት። በሮቹ ሥር ያለው የማሞቂያ ቱቦም ዝገት ይወዳል፣ እሱ ከበሰበሰ ሥራው ብዙ ነው። በመጨረሻ ሞተሩ ጠፍቶ ከታች ያለውን የሞተሩን ትልቁን ፑሌጃ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገሩ።