«ሙሉ የመድረክ ቦርሳ» የሚሉትን እንዳለ አንስታችሁ አትግዙ

በሰሜን ሸዋ በሳውንድ፣ በመብራትና በመድረክ ሥራ ላይ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ በደብረ ብርሃን ገበያም ሆነ በቴሌግራም «ሙሉ የመድረክ ቦርሳ» እየተባለ የሚሸጥ ትልቅ ጥቁር የትከሻ ቦርሳ አለ። ውስጡ ሁለት ጥቅል ጥቁር ፕላስተር፣ የራስ ባትሪ፣ መልቲሜትር፣ የሚጠብና የሚሰፋ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጓንት፣ የመብራት መጠባበቂያ ሽቦ (የተሰቀለ መብራት እንዳይወድቅ የሚይዝ)፣ የማይክ ድንጋይና የ20 ሜትር ኤክስቴንሽን ታጭቆበታል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከመግዛት ስለሚረክስ ያማልላል። የረከሰው ግን ጉድለታቸው ሱቅ ውስጥ የማይታይ፣ ዝግጅቱ መሀል ላይ ብቻ የሚገለጥ ዕቃዎች ተመርጠው ስለገቡበት ነው።

አዲስ አበባ መሀል ፕላስተር ቢያልቅ ልጅ ልኮ ማስመጣት ይቻላል። እንደ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ባሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የቱ ሱቅ ክፍት ነው? በዚያ ላይ አንዱ ቦርሳ ለሁለት የአየር ጠባይ መብቃት አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ጣርማበርን ተሻግራችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ቆላ ነው። ማጣበቂያና ድንጋይ ሁለቱም ቦታ ይፈተናሉ፤ ደካማው ዕቃ አንዱን ቢያልፍ ሌላው ላይ ይወድቃል።

ከፕላስተሩ እንጀምር። ቦርሳው ላይ «ጋፈር» (ገመድ መሬት ላይ የሚለጠፍበት የመድረክ ፕላስተር) ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ጋፈር አይደለም፤ ፊቱ ፕላስቲክ የተቀባ ተራ ዳክት ፕላስተር ነው። የጋፈር ጀርባ ከጥጥ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ፊቱ የደበዘዘ ስለሆነ የመድረክ መብራት አይመልስም፤ ሲነሣም ሙጫው ገመዱ ላይ አይቀርም ማለት ይቻላል። ዳክቱ ያብለጨልጫል። ፀሐይ ወይም የመብራት ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለሰልስና ገመዱ ላይ ይቀራል፤ ያ ገመድ በሚቀጥለው ዝግጅት አቧራውንና ጭዱን ሁሉ ለቅሞ ይመጣል፣ ሲጠቀለልም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለመለየት ጥቅሉን በእጃችሁ ወደ ጎን ቅደዱት። ጋፈር ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ላይ የጥጥ ክር ይታያል። ዳክቱ ግን ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይሸበሸባል። ከዚያ በብርሃን ፊት ያዙት፤ ካብለጨለጨ ተመልካቹ ፊት መሬት ላይ የሚለጠፍ ዕቃ አይደለም።

ርዝመቱንም ለኩ። ደረጃውን የጠበቀ ጥቅል ስፋቱ 48 ወይም 50 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሜትር አካባቢ ነው። ፕላስተሩን ሳትዘረጉ የምታውቁበት መንገድ አለ፤ ከመሀሉ ካርቶን እስከ ውጭው ጠርዝ ያለውን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ። የጋፈር ውፍረት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የተለመደው ሰባት ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ላይ 50 ሜትር ሲጠቀለል ወደ 4 ሴንቲሜትር ይጠጋል። 2 ሴንቲሜትር ብቻ ካገኛችሁ በእጃችሁ ያለው 20 ሜትር ያህል ነው። ከሚክሰር እስከ መድረክ 25 ሜትር የተዘረጋ ገመድ ሙሉውን ይሸፈን ከተባለ አንዱ ጥቅል 5 ሜትር ሲቀረው ያልቃል ማለት ነው። አንዳንዱ ጥቅል ካርቶኑ ወፍሮ ስለሚሠራ ከውጭ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ስለዚህ የውጭውን ክብ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

እውነተኛው ጋፈርም ቢሆን በጤዛ የራሰ ወይም አቧራ የለበሰ መሬት ላይ አይይዝም። ቦታውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ፤ ብርድ ባለበት ምሽት ጥቅሉን ካፖርት ውስጥ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ከዚያ ገመዱን ተከትላችሁ በቁመቱ ለጥፉ። እዚህም እዚያም በአግድም ብቻ የተለጠፈ ገመድ መሀሉ ይነሣል፤ የዘፋኝ እግር የሚጠለፈው እሱ ላይ ነው።

ድንጋዩ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ቦርሳው ውስጥ የሚገባው «ሄቪ ዲዩቲ» ወይም «ሱፐር» የሚል ጽሑፍ ያለበት የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ነው። ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፣ ለገመድ አልባ ማይክ ግን አይሆንም። ቀለሙና ስሙ ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ በጎኑ በትንሹ የታተመው ኮድ ግን ይለየዋል። «ኤልአር6» የሚል ካለ አልካላይን ነው፤ «አር6» ብቻ፣ ወይም «አር6ፒ» የሚል ከሆነ ዚንክ ካርቦን ነው። ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ ላይ ደግሞ «6ኤልአር61» አልካላይን ሲሆን «6ኤፍ22» ዚንክ ካርቦን ነው። ሚዛን ካለ አንዱን አልካላይን ኤልአር6 መዝኑት፤ 23 ግራም አካባቢ ይመጣል። ዚንክ ካርቦኑ ይቀልላል።

ልዩነቱ ለምን ይጎዳል ቢባል፣ ማይኩ ያለማቋረጥ ኃይል ይስባል፤ ዚንክ ካርቦን ደግሞ እንዲህ ሲሳብ ቮልቴጁ ቶሎ ይወርዳል። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። ዝግጅቱ መሀል ላይ በድንገት ድምፁ ይቆረጣል። አራት ገመድ አልባ ማይክ ያለው ዝግጅት እያንዳንዱ ሁለት ድንጋይ ቢወስድ 8 ይሆናል፤ ዋናው ዘፋኝ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ቢቀየር 16፤ ለብልሽት 4 ሲታከል 20 አልካላይን ያስፈልጋል። ቦርሳው ውስጥ የምታገኙት አራት ወይም ስድስት ዚንክ ካርቦን ነው።

የሚሞላ ድንጋይ አብሮ ካለ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። የዚህ መጠን የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ከ2,000 እስከ 2,700 ሚሊአምፒር ሰዓት ድረስ ሊታመን ይችላል። 4,000 ወይም 5,000 የሚል ካያችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው። የራስ ባትሪው ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ወፍራም የሊቲየም ድንጋይም እንዲሁ ነው። በደንብ የተሠራው 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል፤ ክብደቱም 45 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። 9,900 ተብሎ የተጻፈበትና እጅ ላይ ሲያዝ የሚቀልል ድንጋይ ብዙ ጊዜ ውስጡ አነስተኛ ሕዋስ ተከቶ የተሸፈነ ነው። በአንድ ሰዓት ጨለማ ያስቀራችኋል፤ መከላከያ ሰርኪዩት ከሌለውም ቻርጅ ሲደረግ ሊነድ ይችላል። ተኝታችሁ እያለ ቻርጅ ላይ እንዳትተዉት።

ኤክስቴንሽኑን በጥንቃቄ እዩት፤ እሳት የሚያመጣው እሱ ነው። ላዩ ወፍራም ጎማ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፤ ጎማውን ስትልጡት ግን ውስጡ ቀጭን ሽቦ ታገኛላችሁ። ለመድረክ ኃይል የሚሆነው 3 በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ነው፣ ጎማው ላይም መታተም አለበት። ቦርሳው ውስጥ የሚገኘው 3 በ0.75፣ አንዳንዴም ምንም ያልተጻፈበት ነው። እስቲ እናስላው። በ20 ሜትር ኤክስቴንሽን ላይ 10 አምፒር፣ ማለትም በ220 ቮልት 2,200 ዋት ብትጭኑ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 40 ሜትር ሽቦ ያልፋል። በ2.5ቱ ላይ የሚጠፋው 3 ቮልት ገደማ፣ ሽቦው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው 32 ዋት ነው። በ0.75ቱ ግን 10 ቮልት ይጠፋል፣ ከ100 ዋት በላይም ሽቦው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ይህን ሳትዘረጉት ጥቅልል አድርጋችሁ ብትተዉት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጎማው ይቀልጣል።

ከዚህ የከፋው መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ ነው። ሻጩ ጫፉን ቆርጦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ላዩ ቀይ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ በእኩል ውፍረት ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ኤሌክትሪኩን ይቃወማል፣ ስፒናው ውስጥ ብሎኑ ሥር እየላላ ይሄዳል፣ የላላው ቦታ ይግላል፣ ይጠቁራል። የግራውንዱ ሽቦ በርግጥ ከስፒና እስከ ሶኬት መድረሱንም በመልቲሜትር ለኩ። ጭራሽ ሳይታሰር የሚሸጥ ስላለ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ልትጥሉት የሚገባው የመብራት መጠባበቂያ ሽቦውን ነው። ይህ ሽቦ የሚያገለግለው ዋናው ማያዣ ሲለቅቅ መብራቱ ሰው ጭንቅላት ላይ እንዳይወርድ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ሁሉ ሲከሽፍ መሥራት ያለበት ዕቃ ነው። ቦርሳው ውስጥ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ጫፉ በእጅ የተጨመቀ ለስላሳ ቀለበት፣ መንጠቆው የቁልፍ መያዣ ዓይነት አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው መንጠቆ ለክብደት አልተሠራም፤ ብዙዎቹ ላይ ለመውጣት እንደማይሆኑ ራሱ ተጽፎባቸዋል። ትክክለኛው ላይ የሚሸከመው ክብደት በኪሎ ታትሞበታል፣ መዝጊያው በጠመዝማዛ ይቆለፋል፣ ጫፉ በማሽን የተጨመቀ ነው። ቁጥር ያልታተመበትን ሽቦ፣ ውፍረቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሰው በሚቆምበት ቦታ ላይ አታንጠልጥሉ።

ጥሩውንም ስትጠቀሙ አጭር አድርጉት። መብራቱ 20 ሴንቲሜትር ወድቆ ሲያዝና 60 ሴንቲሜትር ወድቆ ሲያዝ ሽቦው መቋቋም ያለበት ጉልበት ሦስት እጥፍ ይለያያል። ሽቦው ከረዘመ መብራቱ በተሰቀለበት ብረት (ትራስ) ላይ ደርባችሁ ዙሩት። የፕላስቲክ ማሰሪያን በምትኩ መጠቀም ፈጽሞ አይሆንም፤ ከመብራቱ ሙቀት የተነሣ ይለሰልሳል፣ በደጋው ብርድ ደግሞ ይሰነጠቃል።

መልቲሜትሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የ10 አምፒሩ ቀዳዳ ሥር «ፊውዝ የሌለው» የሚል ጽሑፍ ካለ የመድረክ ማከፋፈያ ላይ አትለኩበት። አንድ ሰው አምፒር ለክቶ ሽቦውን እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ከተወው፣ ሌላው መጥቶ ቮልት ለመለካት ሶኬት ውስጥ ሲያስገባው ያለምንም መከላከያ ሾርት ያደርጋል፤ ብልጭታው ፊት ላይ ነው። ቢያንስ ካት ሦስት (CAT III፣ የደኅንነት ደረጃ ነው) 600 ቮልት የሚልና ፊውዙ ሴራሚክ የሆነ ምረጡ። ጀነሬተር ሲነሣ ሚክሰሩን ከማገናኘታችሁ በፊት ለኩ፤ 220 አካባቢ መርጋት አለበት፣ 240ን ካለፈ አታገናኙ። መስመር መሞቱን ስታረጋግጡ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው የምታውቁትን ሶኬት፣ ቀጥሎ የምትሠሩበትን፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን ለኩ፤ ሜትሩ ራሱ ተበላሽቶ ዜሮ ቢያሳይ የምትለዩት በዚህ ነው። ሳይነካ የሚጮኸው ቴስተር ብቻውን አይበቃም።

የቀረውን ባጭሩ። ቁልፉን 17 እና 19 ሚሊሜትር ዳዶ ላይ ሞክሩት፣ የመብራት ማያዣ ቡሎኖች ባብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ መንጋጋው ከተወዛወዘ የዳዶውን ጠርዝ ይበላል። እጀታው ላይ የገመድ ቀዳዳ ከሌለው ከፍታ ላይ ይዛችሁ አትውጡ። ጓንቱ ላይ የጎማ ነጠብጣብ ካለ በጋለ መብራት ላይ ይቀልጣል፤ የቆዳ ጓንት ግዙ። ፒንሳውና ካቻቢቴው ለአንድ ዓመት ይሠራሉ፣ ከቦርሳው የተሻሉት እነሱ ናቸው።

ቀድማችሁ ከገዛችሁ አትተዉት። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ላይ «ኪት» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ «ኤክስቴንሽን 3 በ2.5 መዳብ 20 ሜትር»፣ «አልካላይን ኤልአር6» እየተባለ ይዘርዘር። በቴሌግራም የሚሸጥላችሁ ሰው ደረሰኝ አልሰጥም፣ ዕቃው ሳይከፈት ቅድሚያ ክፈሉ ካለ እዚያው ተዉት።

ገንዘብ ካጠረ በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ፦ መጀመሪያ ክብደት የታተመበት መጠባበቂያ ሽቦ በመብራቱ ቁጥር ልክ፣ ቀጥሎ የመዳብ ኤክስቴንሽን፣ ከዚያ መልቲሜትር፣ ከዚያ 20 አልካላይንና ሁለት ጥቅል እውነተኛ ጋፈር። ጋፈሩ ደብረ ብርሃን ላይ ከጠፋ መርካቶ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት አራት ቡድን ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ሰው በካርቶን ቢያመጣ ይረክሳል። ቦርሳውን ለብቻው ከማንኛውም የጨርቅ ሱቅ ታገኙታላችሁ።