ገደል ማዶ ላለ መሣሪያ ኃይል ማድረስ፦ ሌዘር፣ ማይክሮዌቭ ወይስ ሶላር?

አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ገደል ማዶ የተተከለ ካሜራ ወይም አንቴና አለዎት እንበል፤ ገመድ መዘርጋት ደግሞ አይቻልም። ምርጫው ሦስት ነው፤ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ሌዘር ብርሃን፣ ማይክሮዌቭ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ፣ ወይም እዚያው የሚቆም ሶላር ፓነል ከነባትሪው።

ማይክሮዌቭ ጭጋግ አይበግረውም። እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን 1.54 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከ30 ኪሎ ዋት በላይ አድርሷል። ችግሩ ላኪው ነው፤ ባለ 26 ሜትር ዲሽ ነበር። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ በትንሽ ዲሽ ከተላከ ይበተናል። ግቢው ይህን የሚችል ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሌዘሩ ሞገድ ግን እጅግ አጭር ነው፤ ጨረሩን ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ በምትለውጥ፣ ሰፌድ በምታህል ሰሌዳ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ እ.ኤ.አ. በ2025 በኒው ሜክሲኮ 8.6 ኪሎ ሜትር ላይ ከ800 ዋት በላይ ተቀብሏል፤ ለ30 ሰከንድ። ሻጭ ርቀቱን ሲነግርዎ ሰከንዱን ይጠይቁት።

ለገዢ የበለጠ የሚጠቅመው የጃፓኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤንቲቲ በዚያው ዓመት ያሳየው ውጤት ነው፦ 1 ኪሎ ዋት ብርሃን ተልኮ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ 152 ዋት ኤሌክትሪክ ተገኘ፤ 15 ከመቶ መሆኑ ነው። ሌዘሩ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን ሲለውጥ የሚያባክነው እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም፤ የቆጣሪዎ ክፍያ ግን እሱንም ይጨምራል።

አሁን ሶላሩን እናስላ። 152 ዋት ሌት ተቀን ሲሠራ በቀን 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በቀን ለ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ በሚገኝበት ቦታ ሁለት ባለ 500 ዋት ፓነሎችና ጥሩ ባትሪ ይሸፍኑታል። ጭጋግ ሲወርድ ሌዘሩ ይቆማል፤ ባትሪው ግን ያጠራቀመውን ይሰጣል።

ደኅንነቱንም ማየት ያስፈልጋል። ኢንፍራሬድ ስለማይታይ ዓይን ደንግጦ አይጨፈንም። የኮሪያው ሴጆንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 በ30 ሜትር የሞከረው ሥርዓት አንድ ነገር መሐል ሲገባ ወደማይጎዳ ዝቅተኛ ኃይል ይወርዳል፤ ያደረሰው ግን 85 ሚሊ ዋት ብቻ ነው። በመቶዎች ዋት የሚልክ ሌዘር የሚገዛ ሰው ወፍ ጨረሩን ስታቋርጥ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚጠፋ በዓይኑ ሳያይ አይፈርም።

እንግዲህ ለቆመ መሣሪያ ሶላሩን ይግዙ። ሌዘር የሚያዋጣው ፓነልና ከባድ ባትሪ ለማይሸከም ድሮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ስቶከር የተባለው ድሮን በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ በሌዘር እየተመገበ ከ48 ሰዓት በላይ ሳያርፍ በርሯል።