ማሽኑ አምስት ኮከብ፣ የመቆጣጠሪያ ገጹ ሁለት

ስለ ማሽኑ ምንም ክፉ ነገር አይወጣኝም። በበይነመረብ በኩል ኮምፒውተር የሚያከራየኝ የክላውድ አገልግሎት ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወና የተጫነበትን ማሽን ወዲያው ያስረክባል፤ ፍጥነቱም ደህና ነው። ድረ ገጽ የሚያቀርበውን ፕሮግራም (የድር ሰርቨር) ኤንጂንኤክስን ጫንኩበት፤ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ሆኜ ስጠይቀው ገጹን ሳይዘገይ መለሰልኝ። ከውጭ ስሞክረው ግን ብሮውዘሩ ብዙ ጠብቆ ተስፋ ቆረጠ። በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ግን አሁንም «በሥራ ላይ» ይላል።

ምክንያቱ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ የሚገባባቸው ፖርቶች፣ ማለትም ቁጥር የተሰጣቸው በሮች፣ ዝግ መሆናቸው ነው። ለምን ተዘጉ ብዬ አልከራከርም። ለመግቢያ ከሚያስፈልገው 22 በቀር ሁሉም ተዘግቶ መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ በይነመረብ ላይ የወጣን አድራሻ ሁሉ እየዞሩ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። ከውጭ የመጣ ጥያቄ ሦስት ቦታ ሊቀር ይችላል፦ በአከራዩ የኔትወርክ ደንብ፣ በማሽኑ በራሱ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግድ ማጣሪያ)፣ ወይም የድር ሰርቨሩ በሚያዳምጥበት አድራሻ። የመቆጣጠሪያ ገጹ ቢያንስ የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ስለ ድር ፖርቱ «80 ከውጭ ዝግ ነው» የምትል አንዲት መስመር ማሳየት እንዴት ያቅተዋል?

እስኪያሳይ ድረስ ራሳችን ምልክቱን ማንበብ አለብን። ግንኙነቱ መልስ አጥቶ ጊዜው ካለፈበት፣ ፓኬቱን (የተላከውን የመረጃ ጥቅል) አንዱ ፋየርዎል በዝምታ ጥሎት ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የአከራዩ ደንብ ነው። ወዲያው «ተከልክሏል» የሚል መልስ ከመጣ ግን ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሷል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ነው የጠፋው። ያኔ ሰርቨሩ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እያዳመጠ እንደሆነ ማየት ነው፤ ይህ አድራሻ ከማሽኑ ውጭ ለማንም አይሠራም። 0.0.0.0 ሲሆን በሁሉም የአይፒ ስሪት 4 (IPv4) አድራሻዎቹ ይቀበላል። ከውጭ የሚታወቅበትን የሕዝብ አድራሻ በሰርቨሩ ቅንብር ውስጥ በቀጥታ መጻፍ እዚህ አያዋጣም። ማሽኑ የሚያውቀው በ10 የሚጀምር የውስጥ አድራሻውን ብቻ ነው፤ የሕዝብ አድራሻው ወደ ውስጥ አድራሻው የሚለወጠው ከእሱ ውጭ፣ በአከራዩ ኔትወርክ ላይ ነው።

ደንብ መጨመሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ሳያስፈልግ ወዲያው ይሠራል። 80ን እና የተመሰጠረው የድር ግንኙነት (ኤችቲቲፒኤስ) የሚያልፍበትን 443ን ለ0.0.0.0/0፣ ማለትም ለሁሉም የአይፒ ስሪት 4 አድራሻዎች፣ ከፈትኩ። ለአዲሱ የአድራሻ ሥርዓት፣ ለአይፒ ስሪት 6 (IPv6)፣ ግን ሌላ ደንብ፣ ::/0፣ ያስፈልጋል፤ ቅጹ ይህን ሌላ ትር ውስጥ ደብቆታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቅጹ «ከየት» የሚለውን ሣጥን አስቀድሞ «ከሁሉም» ብሎ መሙላቱ ነው። ለድር ገጽ ይሁን፤ ለዳታቤዝ ፖርት፣ ለምሳሌ ለ5432፣ እንዲህ ያለ ቸርነት ማን ጠየቀው?

443 ከተከፈተ በኋላ 80ን መዝጋት የሚያምራቸው አሉ። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የጎራውን (የድር ስሙን) ባለቤትነት በ80 በኩል እንዲያረጋግጥ ካደረጋችሁ አትዝጉት። የምስክር ወረቀቱ ቢበዛ 90 ቀን ነው የሚቆየው፤ እድሳቱም በዚያው በር ያልፋል።

አገልግሎቱን አልተውኩትም፤ ለማሽኑ ስል እቀጥላለሁ። የምትከራዩት ከሆነ ግን የጎራ ስማችሁን ከአድራሻው ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ቋሚ አይፒ ያዙ። ማሽኑ ቆሞ ሲነሣ አድራሻው እንደሚለወጥ የተጻፈው «አቁም» ከሚለው ቁልፍ ሥር፣ በደቃቃ ግራጫ ፊደል ነው።