ቴሌስኮፕ ልገዛ ብዬ ከሁለተኛ ኪሳራ ያዳኑኝን ጋሼን ላመስግን

ሰላም እንዴት ናችሁ። ይሄን ፖስት ከገና ማግስት ጀምሮ ልፅፍ ልፅፍ እያልኩ ነው፣ ዛሬ ቤት ስለዋልኩ ይኸው። የማመሰግናቸው ሰው አራት ኪሎ አካባቢ ካሜራ የሚጠግኑ አባት ናቸው፣ ስሜን እንዳታወጪ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ድሮ ፒያሳ ነበሩ ሱቃቸው ስትፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት። አድራሻ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰማይ ነገር የያዘኝ ሰኔ 14 ቀን 2012 በፀሐይ ግርዶሹ ጊዜ ነው። ላሊበላ ሆነው ቀለበቱን ያዩ አሉ፣ እኛ ግን ኮሮናም ስለነበር እዚሁ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ጎረቤት ባመጣው የግርዶሽ መነፅር እየተቀባበልን ነው ያየነው፣ ፀሐይዋ እንደ ማጭድ ቀጥና ሳያት አንድ ቀን ቴሌስኮፕ እገዛለሁ አልኩ፣ ስል ስል አምስት አመት አለፈ። ባለፈው መስከረም ዝናቡ ሲያቆም ትንሽ ቦነስ ቢጤ አገኘሁና ገዛሁ። ከየት እንደገዛሁ አልናገርም ሰው ማስከፋት አልፈልግም። ሳጥኑ ላይ ሳተርን ከነቀለበቷ፣ ባለቀለም ጋላክሲ፣ ምናምን ተደርድሯል፣ ከላዩ በትልቁ 525 ጊዜ ያጎላል ይላል፣ 9 ሺህ ብር። ሻጩ እንደውም የ675ም አለ ብሎኝ ነበር፣ ስለተወደደብኝ ነው የተውኩት።

ማታ ጣራ ላይ ይዤው ወጣሁ። ምንም የለም። ጨረቃን ለማግኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ስትገኝ ደግሞ ትራይፖዱ ሸምበቆ ነው፣ እጄ ነካ ሲያደርገው ጨረቃ ዘልላ ትወጣለች፣ ድጋሚ ፍለጋ ነው። ወንድሜ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "ዶሮ የምታባርሪ ነው የምትመስዪው" ብሎኝ ወረደ። በቃ ተበላሽቶ ነው የመጣው ብዬ ሌንስ የሚያውቅ ሰው ሳጠያይቅ አንድ የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ነው ወደ ጋሼ የላከኝ።

"ጋሼ ተበላሽቷል ምንም አያሳይም" ስላቸው መነፅራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው ሳጥኑን አዩና ሳቁ፣ የሹፈት አይደለም፣ ደሞ ይሄ መጣ እንደማለት ነው። ከዛ የሆነ ደረሰኝ ገልብጠው እስኪብርቶ ሰጡኝ። "በይ አስዪው። ቱቦው ላይ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ስንት ሚሊ ይላል? 700። ይቺ አይንሽን የምታደርጊባት አይፒስ ላይስ? 4። አካፍዪ።" 175 አልኩ። "አሁን ይቺን ባርሎው የምትባለዋን ባለ 3 እጥፍ ሌንስ ስትጨምሪባት በ3 አባዢ።" 525። ቁጭ አለልኝ የሳጥኑ ቁጥር። "ሂሳቡ ልክ ነው ልጄ፣ የፊት ሌንስሽ ግን 60 ሚሊሜትር ነው" አሉኝ።

የገባኝን በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ። ቴሌስኮፕ ዋናው ስራው ማጉላት አይደለም፣ ብርሃን መሰብሰብ ነው፣ የሚሰበስበው ደግሞ በፊት ሌንሱ ወይም በመስታወቱ ስፋት ልክ ነው። ማጉላቱን አይፒስ በመቀየር የፈለጋችሁት ድረስ መውሰድ ይቻላል፣ ግን የተሰበሰበው ብርሃን ያው ስለሆነ በግምት የስፋቱን ሚሊሜትር በ2 ካባዛችሁ በኋላ ያለው ትርፉ ብዥታ ነው፣ ለ60 ሚሊ 120 አካባቢ ማለት ነው። ጋሼ ወጥ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው አሉኝ፣ ድስቱ ይሞላል ቅመሙ ግን ያው የነበረው ነው። ጋሊሊዮ የጁፒተርን ጨረቃዎች ያየበትኮ 20 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚያጎላው ሲሉኝ ሳጥኑን አየሁትና አፈርኩ።

ከዛ ባርሎዋንና ባለ 4ቷን አይፒስ ፖስታ ውስጥ ከተው "አትንኪ" ብለው ፃፉበት፣ ባለ 20ዋን ብቻ ተዉልኝ፣ 35 ጊዜ ታጎላለች ማለት ነው። የትራይፖዱን እግር እስከ መጨረሻ አትዘርጊው ዝቅ አድርገሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እዪ፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ በፌስታል አንጠልጥዪበት አሉኝ። ቀጥሎ ሳጥኑ ውስጥ ከነበረው ዕቃ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክብ መስታወት አወጡ፣ አይፒስ ላይ የሚጠመዝዝ የፀሐይ ፊልተር ነው። እሱን ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ስታዩ ሙቀቱ በሙሉ የሚሰበሰበው እዛች መስታወት ላይ ነው፣ እያያችሁ ድንገት ትሰነጠቃለች፣ ስትሰነጠቅ ደግሞ አይን ነው የሚሄደው፣ የፀሐይ ፊልተር የሚባለው ከፊት ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠመው ብቻ ነው። ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው በመዶሻ መቱትና ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። የኔን ዕቃ! ግን ምን እላለሁ። ተመሳሳይ ሳጥን ቤታችሁ ያላችሁ በተለይ ልጆች ያላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ጣሉት። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ሌላ ግርዶሽ አለ፣ ጅዳና መካ ያላችሁ ሙሉውን ነው የምታዩት እኛ በከፊል፣ እሱም ክረምት ነው ደመናው ከፈቀደልን።

ሂሳብ ስንት ነው ስላቸው "ምን ሰራሁልሽ?" አሉኝ። የምር። አንድ ሰዓት ተቀምጠው አስተምረውኝ።

ጨረቃን በ35 አየኋት እንግዲህ። ጉድጓዶቹን፣ ብርሃኑ ከጨለማው በሚገናኝበት መስመር ላይ የተራሮቹን ጥላ ሳይቀር። ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ነው ማየት፣ ሙሉ ጨረቃ ላይ ጥላ ስለሌለ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ደግሞ ሳተርንን አገኘኋት፣ ቀለበት የለም! ቢጫ ነጥብ ብቻ። ተናድጄ ተመለስኩ፣ ጋሼ ይሄ ዕቃ የሳተርንን ቀለበት እንኳን አያሳይም አልኩ። ይሄኔ ነው ከልባቸው የሳቁት። ለካ የሳተርን ቀለበት በየ15 አመቱ ገደማ በጠርዙ በኩል ወደኛ ይዞራል፣ እንጀራን ከጎኑ እንደማየት ነው፣ በጣም ስስ ስለሆነ ይጠፋል፣ ያ ጊዜ ደግሞ መጋቢት 2017 ላይ ወደቀ፣ እኔ ሳያትም ገና በጣም ስስ ነበር። አሁን ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው የሚሄደው። እና እንደዚህ ባለ ጊዜ ቴሌስኮፕ ገዝታችሁ ቀለበቱ ጠፋብኝ ብላችሁ ከሻጩ ጋር እንዳትጣሉ።

እሺ ጋሼ እንግዲህ ደህና ነገር ልግዛ ምን ልግዛ አልኳቸው። እሳቸው ቴሌስኮፕ አይሸጡም ልብ በሉ፣ ምንም አያገኙበትም። መጀመሪያ የጠየቁኝ የት ሆነሽ ነው የምታዪው፣ ማን ይሸከመዋል፣ ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚለውን ነው። እኔ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ኢኳቶሪያል የሚባለውን ክብደት የሚንጠለጠልበትን ማቆሚያ ነበር የፈለግኩት ፕሮፌሽናል ስለሚመስል። እሱ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የሰሜን ኮከብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከአድማስ ከፍ የምትለው፣ እኔ ሽሮሜዳ ስለሆንኩ ጭራሽ እንጦጦ ነው የሚጋርዳት። ያንን ተዪው፣ ዶብሶኒያን የሚባለውን ውሰጂ አሉኝ፣ ጆን ዶብሰን የሚባል ሰውዬ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሰማይ ለማሳየት ያስለመደው አይነት ነው፣ ከእንጨት የተሰራ የሚዞር ሳጥን ላይ ቱቦው ቁጭ ይላል፣ በእጅ ትገፉታላችሁ በቃ። ገንዘቡ በሙሉ መስታወቱ ላይ ነው የሚውለው።

የመረጡልኝ ስካይ ዎቸር ሄሪቴጅ 130ፒ ነው፣ መስታወቱ 130 ሚሊ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ቱቦው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ። 130 ለ60 ሁለት እጥፍ ይመስላል አይደል፣ ብርሃን ሲሰበስብ ግን ከ4 እጥፍ ተኩል በላይ ነው ምክንያቱም የሚቆጠረው ከዳር እስከ ዳር ያለው ሳይሆን የክቡ ጠቅላላ ገፅ ስፋት ነው። አብረውት የሚመጡት ባለ 25ና ባለ 10 አይፒስ 26ና 65 ጊዜ ያጎላሉ፣ ሳጥኑ ላይ የሚያስጎመጅ ቁጥር የለም። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ በጋቢ ጠቅልላ አመጣችልኝ (የምታስመጡ ሰዎች ጉምሩኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኔ ጠይቄያለሁ)። እዛው አሜሪካ ያላችሁማ ሻንጣ ምናምን ስለማያሳስባችሁ 150 ሚሊ መሬት ላይ የሚቆመውን ዶብሶኒያን ውሰዱ፣ ከመግዛታችሁ በፊትም የሰፈራችሁን ላይብረሪ ጠይቁ፣ ቴሌስኮፕ እንደ መፅሀፍ የሚያውሱ አሉ፣ የአክስቴ ልጅ እንደዛ ሞክራ ነው ያመነችኝ።

ጉዞው ላይ ግን መስታወቶቹ ትንሽ ተናግተው ነበር፣ ኮከብ ሳይ ነጥብ መሆን ሲገባት ጅራት አውጥታለች። እንደገና ጋሼ ጋ። መሳቢያቸውን ከፍተው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው፣ የድሮ የፊልም ዕቃ! ያቺ ጥቁር ባለ ግራጫ ክዳን ፕላስቲክ፣ የ35 ሚሊ ፊልም ይመጣባት የነበረችው። ቂጧን በምላጭ ቆረጡ፣ መርፌ በላይተር አግለው የክዳኗ መሃል ላይ አንዲት ቀዳዳ በሱ፣ ከዛ አይፒስ የሚገባበት ቦታ ላይ ሰኳት፣ የተሰፋላት ነው የምትመስለው። በቀዳዳዋ እንዳይ አደረጉኝ፣ ክብ ውስጥ ክብ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ክብ፣ እንደተቆረጠ ሽንኩርት፣ ግን መሃላቸው አልገጠመም። እሳቸው እያዩ እኔ ከስር ያሉትን ብሎኖች ማዞር ጀመርኩ፣ "ትንሽ... ትንሽ... አበዛሽው መልሺ... እሱ ነው አቁሚ!" ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። 500 ብር ተቀበሉኝ፣ የፊልም ዕቃዋን መረቁልኝ፣ አሁን ራሴ ነኝ የማስተካክለው። ቱቦው መሃሉ ክፍት ስለሆነም የመንገድ መብራት እንዳይገባበት ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ሽፋን ስፊለት አሉኝ፣ ሰፋሁለት።

የገና ለት ማታ እንግዶች እያሉ ግቢ ውስጥ የቢራ ሳጥን ገልብጬ እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ደግነቱ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ከሰፈሩ የተደሰትኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሳተርን ወደ ምዕራብ፣ አሁን ቀለበቷ ቀጭን ክር ሆኖ በግራና በቀኝ ወጣ ብሏል። ጁፒተር በምስራቅ እንደ ፋኖስ፣ ሁለት ቡናማ መስመር ሆዷ ላይ፣ ጨረቃዎቿ ከጎኗ በአንድ መስመር ተሰልፈው። ጋሊሊዮ መጀመሪያ ያያቸው ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ነው፣ የኛ ገና የዋለበት ቀን እኮ ነው፣ ይሄን ለእንግዶቹ ሳወራ ዶሮ ወጡ ቀዘቀዘ ተባልኩ። አራት ሰዓት ገደማ ጨረቃ ስትወጣ እማዬን አስጠጋኋት። ዝም ብላ ብዙ አየች፣ ከዛ ቀና አለችና በቱቦው አፍ ላይ እጇን አደረገች፣ ደግማ አየች፣ ጨለመ፣ እጇን አነሳች፣ ተመለሰ። "እኔማ ስዕል ለጥፈሽበት መስሎኝ" አለች። ከዛ በኋላ ወረፋ ያጣነው በሷ ምክንያት ነው።

ስለ ጋሼ እውነቱን ለመናገር ጉድለትም አለባቸው። ስልክ አያነሱም። ዛሬ ነይ ያሉት ነገ ሊሆን ይችላል። የሚቀመጡበት በርጩማ አንድ ብቻ ስለሆነ ቆማችሁ ነው የምትማሩት፣ ደሞ አንድ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በ1978 ሃሌይ ኮሜት የምትባለው ጅራታም ኮከብ ስትመጣ በካሜራ ሌንስ እንዴት እንዳዩዋት ሳይተርኩ አይለቋችሁም፣ ተመልሳ የምትመጣው በ2053 ነው "እኔን ወክለሽ እይልኝ" ብለውኛል። ቅዳሜ ከሰዓት እሁድም ዝግ ናቸው።

ጋሼ ይሄን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጤናና እድሜ ይስጥዎ።

አንድ ነገር ደሞ፣ አባቶቻችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ የድሮ ባዶ የፊልም ዕቃ ካለ እንዳትጥሉት ስትሄዱ ያዙላቸው፣ ሶስት ብቻ ነው የቀሩኝ ብለውኛል።