ኦርጅናል ነው ተብዬ የገዛሁት ፕለጊን

ይህን የምጽፈው ቁጣዬ ሳይበርድ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ መገናኛ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የዌብሳይት ሠሪዎች ቢሮ ተስቆብኝ ወጥቻለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ዓይነታቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ በሩ ላይ «ዌብሳይት በሦስት ቀን» የሚል ባነር፣ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ በየሰዓቱ የሚደውል፣ ከገባ በኋላ ግን ስልክ የማያነሣ ልጅ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያዘጋጀኋቸውን ማስታወሻዎችና የተሠሩ ጥያቄዎች በወርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) በተሠራ ድረ ገጽ ላይ ማኖር ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥዕሎቹ እየበዙ ሲሄዱ ገጹ በስልክ ኢንተርኔት ለመከፈት ግማሽ ደቂቃ ያህል መፍጀት ስለ ጀመረ፣ የማፍጠኛ፣ የጥበቃና የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፕለጊን፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ እንዲጫንልኝ ፈለግሁ። በወርድፕረስ የራሱ ማከማቻ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጻ ፕለጊኖች እንዳሉ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን የሚከፈልበት ሳይሻል አይቀርም ብዬ አሰብሁ። ደብሊውፒ ሮኬት የተባለው ማፍጠኛ ነጻ ቅጂ የለውም፤ ከሠሪዎቹ በቀጥታ ለመግዛት ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ እሱም የለኝም። እነዚህ ልጆች እንጀራቸውን የሚበሉት ከዚህ ክፍተት ነው። «በድርጅታችን ካርድ እንገዛልዎታለን መምህር፤ ሁሉም ኦርጅናል ነው፣ የአንድ ዓመት አፕዴት አለው» አሉኝና 18,000 ብር በቴሌብር ወደ አንድ ግለሰብ ቁጥር ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሲስተም ስለሌለ ነገ እንልክልዎታለን» ተባልሁ። ነገ መጣ፣ ደረሰኙ አልመጣም፣ እኔም መልሼ አልጠየቅሁም። ተማሪ መልሱን ያለ መለኪያ አሃድ ቢጽፍ ነጥብ የምቀንስ ሰው ነኝ፤ ለ18,000 ብር ግን አንዲት ወረቀት አላስጻፍሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ገጹ በእርግጥ ፈጠነ። ቆይቶ ማፍጠኛው አዲስ ቅጂ እንደ ወጣለት አይቼ ብደውል፣ «እንዳይነኩት! አፕዴት ካደረጉት ይበላሻል» አለኝ። የአንድ ዓመት አፕዴት የሸጠልኝ ሰው አፕዴት እንዳላደርግ ሲከለክለኝ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ምክሩ አመሰገንሁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ተማሪ ደወለና «ቲቸር፣ ገጽዎን ከጉግል ላይ ፈልጌ ስከፍተው የቁማር ድረ ገጽ ነው የሚያመጣብኝ» አለኝ። በኮምፒውተሬ ከፈትሁት፤ ማስታወሻዎቼ በየቦታቸው ናቸው። «ቫይረስ ያለው ያንተ ስልክ ላይ ነው፤ የማይረባ ነገር ስትከፍት ስለምትውል ነው» ብዬ ገሠጽሁት። ልጁ ዝም አለ። ሌሎች ሦስት ልጆች ያንኑ ሲነግሩኝ ነው ኮምፒውተር የሚያውቀውን የእህቴን ልጅ የጠራሁት። እሱ እንዳስረዳኝ፣ እንዲህ ያለው ኮድ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ለይቶ ይተዋል፤ በአስተዳዳሪነት የገባውን ሰው ሳይነካ፣ ከጉግል ፍለጋ በስልኩ የመጣውን እንግዳ ብቻ ጠልፎ ወደ ሌላ ገጽ ይወስደዋል። በፋይሎቹ መካከልም ደብሊውፒ-ቪሲዲ የሚባለውን ተንኮል አዘል ኮድ አገኘው፤ ዎርድፌንስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. በዝርዝር የጻፈበት፣ ክራክ ከተደረጉ፣ ማለትም ሳይከፈልባቸው እንዲሠሩ ቁልፋቸው ከተሰበረ፣ ፕለጊኖችና ቴሞች (የገጽ መልክ መስጫዎች) ጋር ተጣብቆ የሚገባ፣ ከገባ በኋላ በሁሉም ቴሞች ፋይል ውስጥ ራሱን የሚያባዛና በዚያው ሆስቲንግ (ድረ ገጾች የሚቀመጡበት የኪራይ ቦታ) ላይ ያሉ ሌሎች ገጾችን ሳይቀር የሚበክል ነው። የጥበቃው ፕለጊንም ራሱ ክራክ ነበር። ዘበኛ ብዬ የቀጠርሁት ከሌባው ጋር ተያይዞ የገባ ነው ማለት ነው።

ትናንት ይህን ሁሉ በወረቀት አትሜ ሄድሁ። በመጀመሪያው ቀን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር የሰጠኝ ልጅ አሁን ቀና ብሎም አላየኝም። ከአጠገቡ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ የእንግዳ ማረፊያዋን ድረ ገጽ እየሠራላት ነው። «ፕለጊኖቹ በስሜ የተገዙበትን ላይሰንስ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱን፣ አሳየኝ» አልሁት። መልስ ሳይሰጠኝ ፍላሹን ሰክቶ «ፕሪሚየም» የሚል ፎልደር ከፈተ። በውስጡ የተደረደሩት ዚፕ ፋይሎች እኔ ገጽ ላይ ከተጫኑት ጋር አንድ ናቸው፤ በማፍጠኛው ፋይል ስም ጫፍ ላይ የተሰረቀ ፕለጊን የሚያከፋፍለው ድረ ገጽ ስም እንኳ አልተፋቀም። ዓይኔ እያየ ያንኑ ፋይል ሴትዮዋ ገጽ ላይ ጫነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ፋዘር፣ በዚህ አገር ኦርጅናል የሚገዛ ማን ነው?» አለኝ። ባልደረቦቹ ሳቁ። ስከፍል «መምህር» ነበርሁ፤ በአራት ወር ውስጥ «ፋዘር» ሆንሁ።

«ደግሞ ሕግ አልጣስንም፤ ጂፒኤል ነው፣ ማንም ኮፒ ማድረግ ይችላል» ሲል ጨመረ። ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ወርድፕረስ የሚሠራጭበት የጂፒኤል ፈቃድ ኮድን መቅዳትንና ማከፋፈልን በእርግጥ ይፈቅዳል። ነገር ግን የሠሪው አፕዴትና ድጋፍ የሚገኘው በተገዛ የላይሰንስ ቁልፍ ነው፤ በመንገድ ላይ ማን ምን እንደ ጨመረበት የማይታወቅን ቅጂ ኦርጅናል ነው ብሎ መሸጥ ደግሞ ማታለል ነው እንጂ ጂፒኤል አይደለም። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ «ማጽጃው 15,000 ብር ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ንዴቱ አፌን ስለ ያዘው አንዲት ቃል ሳልነግራት ወጣሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆጨኝም ይኸው ነው። ይህን ካነበብሽ እህቴ፣ ፍላሹ ውስጥ ያለው የእኔን ገጽ ያበላሸው ያው ፋይል ነው።

ባክአፑም አላዳነኝም፤ የተቀመጠው እዚያው ሆስቲንግ ላይ ስለ ነበር አብሮ ተበክሏል። አፕድራፍትፕላስ የተባለው ነጻ የባክአፕ ፕለጊን እንኳ ቅጂውን ወደ ጉግል ድራይቭ ይልክልኝ ነበር። የዎርድፌንስ የጥበቃ ፕለጊን ነጻ ቅጂም አዳዲስ የመከላከያ ሕጎች የሚደርሱት ከሚከፈልበት 30 ቀን ዘግይተው ቢሆንም የእውነት ይጠብቃል። አሁን ላፕቶፔ ላይ ከተረፈው የአምና ቅጂ እየጀመርሁ ነው።

የሚከፈልበትን የግድ ከፈለጋችሁ ላይሰንሱ በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ፤ እናንተው ሠሪው ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ እዩት። ገጻችሁንም አልፎ አልፎ በሌላ ሰው ስልክ ከጉግል ፈልጋችሁ ክፈቱ።

ዛሬ ጠዋት ለዚያ ተማሪ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከገሠጽሁት በኋላ ስልኩን 300 ብር ከፍሎ ፎርማት አስደርጎት ኖሯል። ብሩን ልላክልህ ስለው «ይተውት ቲቸር፤ የሞገድ ምዕራፉን ብቻ ይመልሱልኝ» አለኝ። የሞገድ ምዕራፍ በአምናው ቅጂ ውስጥ የለም።