ያልተለወጠው ነጥብ፦ ከመሬት በታች የተሽከርካሪ ስምሪት ሥርዓት ከ9 ወር በኋላ

ይህ የተሽከርካሪ መከታተያና ማሰማሪያ ሥርዓት ለማዕድን ዋሻችን እንዲገዛ አጥብቄ የተከራከርሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር በስምሪት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን መጻፍም የእኔ ኃላፊነት ነው።

የጂፒኤስ ምልክት ዓለት ሰርስሮ ስለማይገባ በእያንዳንዱ ገልባጭና ሎደር (የመጫኛ ማሽን) ላይ መለያ ታግ ተገጥሟል፤ በዋሻው ግድግዳም አንባቢ መሣሪያዎች በየርቀቱ ተሰቅለዋል። መኪናው በአንዱ አጠገብ ሲያልፍ ቦታው ይመዘገባል፤ የሥርዓቱ ፕሮግራምም ባዶው ገልባጭ ወደ የትኛው ሎደር እንደሚሄድ ይወስናል። አንባቢዎቹ በሙሉ ሲሠሩ የምከስሰው ነገር የለም።

ነገር ግን አንባቢዎቹን የሚያገናኘው ገመድ በፍንዳታ ሲበጠስ ስክሪኑ መኪናውን መጨረሻ በታየበት ቦታ እንደ ቆመ ማሳየቱን ይቀጥላል። መኪናውን የሚወክለው ነጥብ ቀለም አይለውጥም፣ መረጃው ከስንት ደቂቃ በፊት እንደደረሰም አይገልጽም። በአራተኛው ወር፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ሥርዓቱ አንዱ ገልባጭ ገና ከታች እየተጫነ እንደሆነ ቆጥሮ ባዶውን ቁልቁል ላከው፤ የተጫነው ግን አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፈው መንገድ ሽቅብ እየወጣ ነበር። ኩርባው ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሾፌሮቹ የመብራት ነጸብራቅ አይተው በጊዜ ስለቆሙ ሰው አልተጎዳም፤ ባዶው መኪኖች እስከሚተላለፉበት ሰፊ ቦታ ድረስ የኋልዮሽ ተመለሰ። በራዲዮ «ከላይ መንገዱ ነጻ ነው ብላችሁኝ አልነበረም?» ያለኝ ሾፌር ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሻጩ በስዊድን የኪሩናን ማዕድን ምሳሌ ሊጠቅስልኝ ይችላል። በዚያ 1365 በሚባለው የዋሻ ደረጃ ላይ ሾፌር ሳይኖራቸው የሚሄዱት ባቡሮች ከሐዲዳቸው አይወጡም፤ የእኔ ገልባጮች ግን በየቅርንጫፉ ይታጠፋሉ። «ገመድ መበጠሱ የእናንተ ጥፋት ነው» ካለኝም፣ በየቀኑ በፈንጂ ዓለት ለሚሰበርበት ቦታ የተሸጠ ዕቃ ገመድ እንደሚበጠስ አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት ብዬ እመልስለታለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 በሳጎ የድንጋይ ከሰል ማዕድን 12 ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ፣ ከመሬት በታች ያሉ የከሰል ሠራተኞች ያሉበት ቦታ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲታወቅ በሕግ አዝዛለች። በአደጋ ሰዓት የቆየን ቦታ የአሁን አስመስሎ የሚያሳይ ስክሪን አዳኞችን ወደ ባዶ ዋሻ ይመራቸዋል።

መግዛታችን አይጸጽተኝም፤ እንዲህ እንዳለ መቀበላችን ግን ይጸጽተኛል። አሁን በየ30 ደቂቃው ሾፌሮቹን በራዲዮ እየጠየቅን ቦታቸውን በሰሌዳ ላይ በእጅ እንጽፋለን። መረጃው የዘገየበት ነጥብ ወደ ግራጫ ካልተለወጠ፣ በሁለተኛው ዓመት የአገልግሎት ውል ላይ ፊርማዬን አላኖርም።