አይስታት ወይስ ኢፖክ? ለአይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ ዳር

ሁለቱም አልጋ ዳር ደም የሚመረምሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው፣ ለብለድ ጋዝ (የደም ኦክስጅን፣ ካርቦንዳይኦክሳይድና አሲድነት ምርመራ) 0.1 ሚሊ የማይሞላ ደም ነው የሚፈልጉት፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወጣ ሲሪንጅ ይዞ ላብራቶሪ መሮጥ ቀረ። ትልቁ ልዩነት ፍሪጁ ነው፣ የአይስታት ካርትሪጅ (ደሙ የሚገባበት መመርመሪያ) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ አንዴ ከወጣ ቀን ስለሚቆጠርበት እኔ የወጣበትን ቀን በማርከር እጽፍበታለሁ፣ የኢፖክ መመርመሪያ ካርድ ግን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ቦታ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳት የሚያሳይ ምርመራ) አልጋ ዳር ከፈለጋችሁ ግን አይስታት፣ ኢፖክ የለውም።

አደራ፣ ሁለቱም ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ) የሚለኩት በኮንዳክቲቪቲ (ደሙ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ) ስለሆነ ብዙ ፍሉድ (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የወሰደ በሽተኛ ላይ ዝቅ አርገው ያሳያሉ፣ ደም ለመስጠት ከመወሰናችሁ በፊት ሲቢሲ (የላብራቶሪ ሙሉ የደም ቆጠራ) ላኩ። ፖታሲየም ድንገት ከፍ ካለም ድገሙት፣ ደሙ ሄሞላይዝ ማድረጉን (ቀይ ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሲየም መልቀቃቸውን) አይነግሯችሁም።